ቁምሳ ወረፋ ሲኖረው

ተማሪ እያለሁ አዲስ አበባ ውስጥ "ቁምሳ" የምንላት ነገር ነበረች። ቁርስንና ምሳን አጋብቶ በአንድ ሂሳብ መገላገል። ጠዋት ምንም ሳይቀመስ ይቆያል፣ 5 ሰዓት ገደማ ሆድ መጮህ ሲጀምር አንድ እርጥብ ለሁለት ይካፈሉታል፣ ከዚያ እስከ ማታ ስለ ምግብ አይወራም። ቁምሳን ወዶ የሚበላ ሰው አላውቅም። የሚያስበላው ኪስ ነው።

አትላንታ መጥቼ የመጀመሪያውን ደህና ሥራ ያገኘሁት ቁምሳ ቤት ውስጥ ነው። እነሱ ብረንች ይሉታል። ቤቱ ዲካተር አካባቢ ያለ፣ ሃያ ጠረጴዛ እንኳ የማይሞላ፣ ወንበሩ ሁሉ ከየቦታው የተለቃቀመ የሚመስል፣ የአሜሪካ ደቡብን ምግብ ያለ ብዙ ወግ የሚያቀርብ ቤት ነበር። በሳምንቱ መሀል ሳንድዊች ነው የሚሸጠው። ቅዳሜና እሁድ ግን ሌላ ዓለም። ሰዉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ስሙን አስመዝግቦ፣ ስልኩ ላይ "ጠረጴዛዎ ደርሷል" የሚል መልእክት እስኪመጣለት ሁለት ሰዓት ድረስ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ሕፃን ይዞ፣ ውሻ ይዞ። እየሳቀ! መጀመሪያ ሰሞን በመስኮት እያየኋቸው "ምን ቸግሯቸው ነው?" እል ነበር። እቤታቸው እንቁላል የለም እንዴ?

የምኖረው ክላርክስተን ነበር። ስደተኛው ሁሉ የሚሰፍርባት፣ አንድ ሱቅ ውስጥ አምስት ቋንቋ የምትሰሚባት ትንሽ ከተማ ናት። መኪና ስላልነበረኝ በማርታ ነው የምሄደው። ማርታ የአትላንታ የሕዝብ ትራንስፖርት ስም ነው። እኛ ሐበሾች አንጠግበውም ይሄን ቀልድ፤ "ማርታ አስረፈደችኝ"፣ "ማርታ ጥላኝ ሄደች"። እሁድ ጠዋት ደግሞ ማርታ እውነትም ትጠፋለች፤ አውቶቡሱ ስለሚቀንስ ለ12 ሰዓት ሥራ ገና በጨለማ መውጣት ነበረብኝ።

ወጥ ቤቱን የሚመሩት አንዲት ጠና ያሉ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። ደቡቦች ትልቅ ሰው በስሙ ብቻ አይጠሩም። "ሚስ" ይሉና የመጀመሪያ ስሟን ያስከትላሉ፣ ያገባችም ትሁን ያላገባች። ይህን ስሰማ በቃ፣ እትዬ ማለታቸው ነው አልኩ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ ስለዚህ እትዬ ልበላቸው፤ በልቤም የምጠራቸው እንደዚያ ነበር። እሳቸው ደግሞ ሁሉንም ሰው "ቤቢ" ነው የሚሉት። ማናጀሩንም ጭምር።

የመጀመሪያ ቀኔን ልንገራችሁ። ለሠራተኛ ምሳ ሲወጣ አንድ ትልቅ ድስት ጎመን አየሁ። ኮላርድ የሚሉት ነው። እዚህ ያለን ሐበሾች የጎመን ወጥ የምንሠራው በዚሁ ስለሆነ መልኩን አልስተውም። ጠቆር ብሎ፣ በስሎ ለስልሶ፣ መረቁ ሲንጣለል። ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ እናት እናት የሚል ድስት አላየሁም ነበር። ሞልቼ በላሁ። ደገምኩ። መረቁን በዳቦ ጠረግኩ። እትዬ በጣም ደስ አላቸው፣ "ይቺ ልጅ መብላት ታውቅበታለች" አሉ። እኔም ምግቡን ላመሰግን ብዬ፣ እኛም አገር ይሄ አለ፣ ግን የእርስዎ የሆነ የጭስ ጣዕም አለው፣ ምን ጨመሩበት አልኳቸው። ጭልፋቸውን ድስቱ ውስጥ ሰደዱና አንድ አጥንት አወጡ። የተጨሰ የአሳማ ቁርጭምጭሚት።

ያን ቀን ማታ ለእማዬ ደወልኩ። ነገሩን ስነግራት ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "ደገምሽ ነው ያልሽኝ?" አለችኝ። አዎ፣ ደገምኩ። "ሳታውቂ ነው፣ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ" ብላ ቀጠለችና ትንሽ ቆይታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ይጣፍጣል?" አለች። ይሄንን እስከ ዛሬ ለማንም እንዳልነግርባት ታስምለኛለች።

በኋላ ሲገባኝ እዚህ አገር ጎመን ያለ አሳማ ማለት እኛ ዘንድ ምስር ያለ ቁሌት እንደማለት ነው። ሰዓታት ሙሉ በዝግታ ይበስላል፤ መረቁ ራሱን የቻለ ስም አለው፣ ፖት ሊከር ይሉታል፣ በበቆሎ ዳቦ እየነከሩ ይበሉታል። እትዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ ትንሽ ድስት ለብቻ ይጥዱልኝ ነበር። በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ብቻ። ጾም መሆኑን ስነግራቸው ደግሞ ቅቤም አይነካውም። ረቡዕና ዓርብን ከእኔ ይልቅ የሚያስታውሱት እሳቸው ነበሩ፤ "ቤቢ፣ ዛሬ የላም ነገር የለም አይደል?" ይሉኛል።

ወደ ቢስኪቱ ልምጣ፤ የቤቱ ስም የወጣው በእሱ ነው። ብስኩት እንዳይመስላችሁ። ከሻይ ጋር ከምንነክራት ደረቅ ነገር ጋር ስም እንጂ ሌላ የሚያገናኛቸው የለም። የደቡቦች ቢስኪት ያለ እርሾ የሚጋገር፣ ውስጡ ንብርብር የሆነ፣ ሲገመስ እንፋሎት የሚተነፍስ ትንሽ ዳቦ ነው። ሥራው የሚጀመረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ልማር ብዬ አንድ ቅዳሜ ቀድሜ ገባሁ። ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን፣ ጨውን ሰጡኝ፤ ከፍሪጅ የወጣ ድንጋይ የመሰለ ቅቤ ቆራርጠው ጨመሩበት፤ በጣት ጫፍ እሺው አሉኝ፣ አተር እስኪያህል። ከዚያ አሬራ ፈሰሰበት። አዎ፣ አሬራ! እዚህ በካርቶን ነው የሚሸጠው። ከእኛው ይለያል፤ የእኛ ቅቤ ተንጦ ሲወጣ የሚቀረው ነው፣ የእነሱ አብዛኛው ወተት ላይ ባክቴሪያ ተጨምሮ እንዲኮመጥጥ የተደረገ ነው፤ ሽታው ግን ቀጥታ ጎንደር አያቴ ጓዳ ወሰደኝ።

እኔ እንግዲህ ሊጥ ሲሰጠኝ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ማሸት። ድፎ ዳቦ ሲቦካ አይቼ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ክንድ እስኪዝል ካልታሸ ሊጥ ነው እንዴ? እጅጌዬን ሰብስቤ ደቆስኩት። እትዬ ዞር ብለው ሲያዩኝ "ቤቢ! ምን አደረገሽ? ተጣልታችኋል?" አሉ። ግን ተዉኝ። ጨረስኩ፣ ቆረጥኩ፣ ጋገርኩ። የወጣው ነገር ለበር ማስደገፊያ ይሆናል። አንዱን አንስተው ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ አደረጉት፤ ወጥ ቤቱ በሳቅ ሞተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱቄት ውኃ ነክቶት ሲታሽ ይሳሳባል፣ እንደ ጎማ ይሆናል፤ ለድፎ ዳቦ የሚፈለገው ያ ነው። ቢስኪት ግን የሚፈልገው ለስላሳ ስንዴ፣ ፕሮቲኑ ዝቅ ያለ ዱቄት ነው፤ እትዬም ከዋይት ሊሊ ሌላ ዱቄት በእጃቸው አይነኩም፤ እ.ኤ.አ. በ1883 ኖክስቪል፣ ቴነሲ የተጀመረ ነው። የቅቤው ቁርጥራጭ ሳይቀልጥ ምድጃ መግባት አለበት፣ እዚያ ሲቀልጥ ውስጡ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ንብርብሩን ያነሳዋል። ስለዚህ መታጠፍ እንጂ መታሸት የለም። ሦስት አራት ጊዜ እንደ ነጠላ አጥፈሽ ትተዪዋለሽ። ክቡ መቁረጫ ቀጥ ብሎ ወርዶ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ካዞርሽው ጠርዙ ይደፈንና ወደ ላይ አይነሳም። ትሪው ላይ ደግሞ ተጠጋግተው ነው የሚደረደሩት፣ ወደ ጎን መሄጃ ሲያጡ ወደ ላይ ይነሳሉ። ሰባት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። በስምንተኛው እትዬ አንዱን ገምሰው ምንም ሳይናገሩ በሉት። ሌላውን ጌታ ይወቀው፣ ለእኔ ግን ከዲፕሎማዬ በላይ ነው።

ግሪትስን መማር አላስፈለገኝም። በደንብ ያልደቀቀ በቆሎ በውኃ ወይም በወተት ቀስ ተብሎ ይማሰልና መሀሉ ላይ ቅቤ ይደረግበታል። ገንፎ ነው! አትላንታ ያለችባት ጆርጂያ እ.ኤ.አ. በ2002 በሕግ የክልሉ ምግብ ብላ መርጣዋለች። የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶቹ ግን የአገሬው ተወላጆች ናቸው፣ ሙስኮጊዎቹና ሌሎቹ፤ በቆሎውንም አዘገጃጀቱንም ከእነሱ ነው የተማሩት። በባርነት ዘመን በባርነት ለተያዘው ሰው በሳምንት ተሰፍሮ የሚሰጠው በቆሎና የአሳማ ቁራጭ ነበር። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ እጃቸው ሥራ አያቆምም ነበር። "ቤቢ፣ ይሄን የሚበላው ሌላ የሌለው ሰው ነበር" አሉኝ፤ ከዚያ በበሩ ቀዳዳ ወደ ወረፋው አዩና "አሁን ደግሞ ቆመው ይለምኑታል" ብለው ሳቁ።

ግሪትስ በሽሪምፕ (ሽሪምፕ ትንሽዬ የባሕር እንስሳ ናት) የሚባለው ዝነኛ ሳህን ታሪክም ይኸው ነው። በደቡብ ካሮላይና ጠረፍ የአሣ አጥማጆች ቁርስ ነበር። ሰሜን ካሮላይና፣ ቻፕል ሂል ከተማ ውስጥ ቢል ኒል የሚባል ሼፍ ምግብ ቤቱ አቀረበው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ተጻፈለት፣ ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው። እኛ ቤት ከሜኑው ሁሉ ውዱ እሱ ነበር።

ብረንች የሚለው ቃል ራሱ የደቡቦች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1895 ጋይ ቤሪንገር የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ እሁድ ጠዋት ከባድ ምሳ ይቅርና ቀለል ያለ ነገር ረፈድ አድርገን እንብላ፣ ቅዳሜ ማታ ለጠጣ ሰውም ይሻላል ብሎ የጻፈው። እንግዲህ ቁምሳም ብረንችም ሁለት ቃል አጋብተው ነው የተሠሩት። የኛው ከድህነት፣ የእሱ ከሃንጎቨር።

ጆርጂያ ውስጥ ደግሞ እሁድ ጠዋት ምግብ ቤት መጠጥ መሸጥ የሚችለው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል በኋላ ነበር። ቤተ ክርስቲያን እስኪወጣ ነው ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕጉ ተሻሻለና፣ የየአካባቢው ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ከተስማማ፣ ከ5 ሰዓት ጀምሮ ተፈቀደ። ስለዚህ እሁድ 5 ሰዓት ላይ የሚሆነውን ማየት ነው። አንድ ደቂቃ ሲቀረው ሁሉም ስልኩን ያያል፣ ልክ ሲሞላ የሻምፓኝና የብርቱካን ትእዛዝ እንደ ዶፍ ይወርዳል። ፋሲካ ሌሊት ዶሮ የሚጠብቅ ቤተሰብ እንኳ እንደዚህ ሰዓት አያይም።

ቡናው ሌላ ጣጣ ነው። አንዴ ከከፈሉ ጽዋው ባዶ አይሆንም፣ አስተናጋጅ እየዞረች ትሞላለች። እኔ በልቤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልኩ ነበር የምቀዳው። ከበረካ በላይ ለሚሄደው ስም የለንም እንጂ ሰባተኛ የደረሰ ሰውዬ አስተናግጃለሁ።

ስለ ሳንድዊቹ ሳልናገር ካለፍኩ እትዬ ይታዘቡኛል። የዶሮ ጡት ሌሊቱን አሬራ ውስጥ ያድራል፣ ጠዋት ቅመም ባለው ዱቄት ተንከባሎ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ለስላሳ ዳቦ፣ ኮምጣጣ የኪያር ቁርጥራጭ፣ በቃ። ሰላጣ የለ፣ ቲማቲም የለ። ለቲማቲም ሌላ ሳንድዊች አላቸው፤ ክረምት፣ ማለቴ የእነሱ በጋ፣ በሐምሌ ቲማቲሙ ሲደርስ ነጭ ዳቦ፣ ማዮኔዝ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ተደርጎበት ጭማቂው በክርን እየወረደ ይበላል። ማዮኔዙ ዱክስ መሆን አለበት። ዩጂኒያ ዱክ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1917 ግሪንቪል፣ ደቡብ ካሮላይና አጠገብ ካምፕ ሴቪየር ላሉ ወታደሮች ሳንድዊች ትሸጥ ነበር፤ ወታደሮቹ ከሳንድዊቹ ይልቅ ማዮኔዙን ወደዱት፣ ነገሩ ኩባንያ ሆኖ ቀረ።

አትላንታ ውስጥ የሳንድዊች ትልቁ ታሪክ ግን ፓስካልስ ነው። ጄምስና ሮበርት ፓስካል የሚባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1947 ትንሽ ምሳ ቤት ከፍተው የዶሮ ሳንድዊች በ52 ሳንቲም ይሸጡ ነበር። በኋላ ቤቱ ሲያድግ ማርቲን ሉተር ኪንግና ባልደረቦቹ እዚያ እየበሉ ነው ሰልፍ የሚያቅዱት። እትዬ ልጅ ሆነው አባታቸው ወስደዋቸው ያውቃሉ። ማን ተቀምጦ እንደነበር ስጠይቃቸው ዶሮውን ብቻ ነው የማስታውሰው አሉ። እኔ ደስ ያለኝ መልስ ነው።

ስለ ገንዘቡም እናውራ፣ ሌላ ቦታ ሰው አይነግራችሁም። ጉርሻ ለሚያገኝ አስተናጋጅ በፌዴራል ሕግ ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። ጆርጂያም በዚያው ናት። ከጉርሻው ጋር ተደምሮ መደበኛውን ዝቅተኛ ክፍያ ካልሞላ አሠሪው መሙላት አለበት ይላል ሕጉ፤ ግን ኑሮሽ ያለው ጉርሻው ላይ ነው፣ ጉርሻው ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ላይ። አንድ እሁድ ስምንት ሰው ያለበት ጠረጴዛ ደረሰኝ። ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። ቢስኪት ሁለቴ አስመጡ፣ ቡናው ከበረካ አለፈ፣ አንድ ሕፃን ሽሮፕ ወንበሩ ላይ ደፋ። ሲሄዱ ከሳህኑ ሥር የሃያ ዶላር ጫፍ ታየኝ። ሳወጣው ወረቀት ነው። ፊት ለፊቱ ዶላር የሚመስል፣ ጀርባው ላይ "ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር አለ" ብሎ ስብከት የተጻፈበት። የአውቶቡስ መቆሚያው ላይ አለቀስኩ። እትዬ መኪናቸውን አቁመው አስገቡኝ፣ ምንም አላሉም፣ በናፕኪን የተጠቀለሉ ሁለት ቢስኪቶች ጭኔ ላይ አስቀመጡ። ክላርክስተን እስክንደርስ መዝሙር እያንጎራጎሩ ነዱ።

የእኔና የእሳቸው አንድ ችግር ይሄ ነበር፣ እሁድ። እማዬ እሁድ እሁድ ደውላ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ተሳለምሽ?" ነው። የብረንች ቤት ሠራተኛ መቼ ቅዳሴ ያያል? ቺክፊሌይ የሚባለው ታዋቂው የዶሮ ሳንድዊች ቤት፣ እዚሁ አትላንታ ዳርቻ ሄፕቪል እ.ኤ.አ. በ1946 የተጀመረው፣ መሥራቹ እሁድ አይሠራም ብሎ እስከ ዛሬ በሩን ይዘጋል። እትዬ "እሱ ሲዘጋ ወረፋው ለኛ ይመጣል" እያሉ ይስቁ ነበር፤ ግን ሰላሳ ዓመት እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። የሚዘምሩት ሊጡ ላይ ነው። ከረፋዱ በኋላ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ለብሰው አምረው የሚመጡ የባፕቲስት እናቶች በወረፋው ሲቆሙ፣ እትዬ እያንዳንዷን ባርኔጣ በበሩ ቀዳዳ ያያሉ። "ያቺ ሰማያዊዋ" ይሉኛል። "የእሷ ግሪትስ ላይ ቅቤ ጨምሪ።"

ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራውን ለቀቅኩ።

እማዬ ባለፈው ዓመት ልትጠይቀኝ ስትመጣ ከቅዳሴ በኋላ ወሰድኳት። ነጠላዋን እንደለበሰች። ስማችንን አስመዘገብኩ፤ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ አሉን። "ለምሳ?" አለች። ቁምሳ ነው አልኳት። "አንቺ ቁምሳ ጠልተሽ አይደል እንዴ አገር ለቀሽ የመጣሽው?" አለችኝ። ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት እናት አጠገቧ ቆመው ነበር፣ ነጠላዋን ጥለቱን ነክተው አደነቁላት፣ እሷም ባርኔጣቸውን በጣቷ አሳየቻቸውና አውራ ጣቷን አነሳች። በቃ፣ ተግባቡ።

እትዬ ጡረታ ወጥተው ነበር። ሌላ ሰው ነው ወጥ ቤቱን የያዘው። ስንቀመጥ እማዬ ሜኑውን አላየችም፤ አስተናጋጇ ገና ስትመጣ "ጎመኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቂያት" አለችኝ፣ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ። ጠየቅኩ። አሳማ አለው። "አላልኩሽም?" አለች።

ግሪትሱን በቅቤ አዘዝንላት። መጣ። በማንኪያ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው፣ ቀመሰች፣ ዋጋውን ጠየቀችኝ። 9 ዶላር። በብር አሰላችው፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። "ለገንፎ!" አለችና ሳህኑን ጠርጋ በላች፣ የተከፈለበት ነገር አይመለስም ብላ። ቢስኪቱን ግን ስትገምሰው ዝም አለች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

"አሬራ አለው" አለች።

አዎ አልኳት። አንዱን በላች፣ ሁለተኛውን በናፕኪን ጠቅልላ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።